ራንሰምዌር፦ የቤዛ ጥቃት እንዴት ይፈጸማል? እንዴትስ መከላከል ይቻላል?

በፈረንጆቹ ማርች 18 ቀን 2021 በአየርላንድ የሕዝብ ጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከሁለት ቀናት በፊት በኢ-ሜይል የደረሰ አንድ የኤክሴል ፋይል ተከፈተ። በዕለቱ የተለየ ነገር አልታየም። ኮምፒውተሩ አልቆመም፣ ፋይል አልጠፋም፣ ሥራውም እንደ ወትሮው ቀጠለ። ከስምንት ሳምንታት በኋላ፣ ሜይ 14 ንጋት ላይ ግን የአገሪቱ የጤና አገልግሎት የኮምፒውተር ሥርዓት ተቆለፈ። ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፤ ሐኪሞችም የታካሚዎቻቸውን መዝገብና የምርመራ ውጤት ማየት ተስኗቸው ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመለሱ።

የአየርላንድ ጥቃት ራንሰምዌር በሚል ስያሜ የሚታወቀው የሳይበር ወንጀል ከታዩባቸው ከባድ ክስተቶች አንዱ ነው። ስያሜው ቤዛ ወይም የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚል ትርጉም ካለው «ራንሰም» ከተሰኘው የእንግሊዝኛ ቃልና ከ«ሶፍትዌር» የተዳቀለ ነው። ወንጀለኞች በኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ፋይሎችን ባለቤቱ ሊከፍታቸው በማይችል መልኩ ይቆልፋሉ፤ መክፈቻውን ለመስጠትም ገንዘብ ይጠይቃሉ።

ጉዳዩ ተጠቂው ዘንድ በድንገት የወረደ መብረቅ መስሎ ይታያል። የአየርላንድ ጥቃት እንደሚያሳየው ግን የቤዛ ጥያቄው የረጅም ሂደት የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። ከመጀመሪያው ሰርጎ መግባት እስከ ቤዛ ጥያቄው ባለው ጊዜ ውስጥ ጥቃቱን ለመግታት የሚያስችሉ በርካታ ዕድሎች አሉ።

ከፍሎፒ ዲስክ እስከ ቢትኮይን

የመጀመሪያው የታወቀ የራንሰምዌር ጥቃት የተፈጸመው በፈረንጆቹ 1989 ነው። ጆሴፍ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ስለ ኤድስ በሽታ መረጃ የያዙ የሚመስሉ 20 ሺህ ገደማ ፍሎፒ ዲስኮችን በፖስታ ወደ ተለያዩ አገራት ላከ። ዲስኩን የተጠቀመ ሰው ኮምፒውተሩን ለበርካታ ጊዜያት ካስነሳ በኋላ የፋይሎቹ ስም ተለውጦ ሥራ ያቆማል፤ በስክሪኑ ላይም 189 ዶላር በፓናማ ወደሚገኝ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንዲልክ የሚጠይቅ መልዕክት ይመጣል።

ይህ ሙከራ ሁለት ድክመቶች ነበሩበት። መቆለፊያው ቀላል ስለነበር ባለሙያዎች ብዙም ሳይቆዩ ፈቱት፤ ገንዘቡም በፖስታ የሚላክ በመሆኑ የተቀባዩን ዱካ ለመከተል አመቺ ነበር።

የመጀመሪያውን ድክመት የሚያስቀር መንገድ በፈረንጆቹ 1996 አዳም ያንግ እና ሞቲ ዩንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ አሳዩ። ሁለተኛውን ድክመት የሸፈነው ከ2009 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ቢትኮይን ነው። በ2013 የተከሰተው ክሪፕቶሎከር የተሰኘው ራንሰምዌር ጠንካራ ምስጠራንና በቢትኮይን የሚፈጸም ክፍያን በማጣመር፣ ዛሬ ለሚታየው ወንጀል አርአያ ሆነ።

ጓጉንቸሩ እና ቁልፉ

ራንሰምዌር የሚጠቀመው ምስጠራ ባንኮችና የመልዕክት መላላኪያ መተግበሪያዎች የደንበኞቻቸውን መረጃ ለመጠበቅ ከሚጠቀሙበት የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ነው።

አሠራሩን በጓጉንቸር መመሰል ይቻላል። ክፍት የሆነን ጓጉንቸር ማንም ሰው ያለ ቁልፍ ተጭኖ ሊቆልፈው ይችላል፤ ለመክፈት ግን ቁልፉ ያስፈልጋል። ወንጀለኞቹ በተጠቂው ኮምፒውተር ላይ የሚያኖሩት ክፍት ጓጉንቸሩን ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ በመጀመሪያ ፋይሎችን በፍጥነት ለመመስጠር የሚያገለግሉ ቁልፎችን እዚያው ያመነጫል። ምስጠራው ሲጠናቀቅ እነዚህን ቁልፎች በሣጥን አድርጎ በጓጉንቸሩ ይቆልፍባቸዋል። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ከወንጀለኞቹ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ምስጠራው በትክክል የተሠራ ከሆነ በግምት ለመስበር መሞከር በተግባር የማይቻል ነው፤ የዓለማችን ኃያላን ኮምፒውተሮች እንኳን ለሰው ልጅ ትርጉም በሚሰጥ ጊዜ ውስጥ ሊጨርሱት አይችሉም። በመሆኑም የጸጥታ ባለሙያዎች ፋይሎችን የሚያስመልሱት በአብዛኛው ወንጀለኞቹ ስሕተት ሲሠሩ፣ ወይም ፖሊስ ሰርቨራቸውን ይዞ ቁልፎቹን ሲያገኝ ነው።

የመግቢያ በሮች

ራንሰምዌር ወደ ኮምፒውተር የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ ቢመስሉም በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የማታለያ ኢ-ሜይል ነው። ደረሰኝ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የሥራ ማመልከቻ ወይም የባንክ ማሳሰቢያ መስሎ የሚመጣ መልዕክት፣ ተቀባዩ አባሪ ፋይል እንዲከፍት ወይም ማስፈንጠሪያ እንዲጫን ይገፋፋል። የአየርላንዱ ጥቃት የተጀመረው በዚህ መንገድ ነበር።

ሁለተኛው የተሰረቀ ወይም ደካማ የይለፍ ቃል ነው። በሜይ 2021 ለአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች ከሚቀርበው ነዳጅ ግማሽ ያህሉን የሚያጓጉዘው ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተሰኘው ኩባንያ ሥራ እንዲያቆም ያደረጉት ሰርጎ ገቦች የገቡት በአንድ የይለፍ ቃል ነው። ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው ከድርጅቱ መረብ ጋር በሚገናኙበት አሠራር ላይ ጥቅም መስጠት ያቆመ፣ ነገር ግን ያልተዘጋ አንድ አካውንት ነበር። አካውንቱ ከይለፍ ቃል ውጪ ሌላ ማረጋገጫ አይጠይቅም ነበር።

ሦስተኛው ያልተዘመነ ሶፍትዌር ነው። ሜይ 12 ቀን 2017 የተነሳው ዋናክራይ የተሰኘው ጥቃት በ150 ገደማ አገራት ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አዳርሷል። ሶፍትዌሩ ማንም ሰው ምንም ነገር እንዲጫን ሳያስፈልገው፣ በዊንዶውስ ውስጥ በነበረ ክፍተት ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በራሱ ይዛመት ነበር። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማዘመኛ ያወጣው ግን ከ59 ቀናት በፊት፣ ማርች 14 ነበር። በእንግሊዝ ብቻ 19 ሺህ ያህል የሕክምና ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ገምቷል። ማዘመኛውን በወቅቱ የጫኑ ተቋማት ከዚህ ጥቃት ተርፈዋል።

አራተኛው ያለ ፈቃድ የሚሰራጭ፣ በተለምዶ «ክራክ» የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ስቶፕ ወይም ዲጄቩ በሚል ስም የሚታወቀው የራንሰምዌር ቤተሰብ በዋነኝነት የሚያጠቃው ኩባንያዎችን ሳይሆን ተራ ግለሰቦችን ነው፤ የሚሰራጨውም በነፃ በሚቀርቡ የሶፍትዌርና የጌም ማስከፈቻዎች ውስጥ ተደብቆ ነው። ይጠይቅ የነበረው ቤዛ 980 ዶላር ሲሆን፣ ተጠቂው በ72 ሰዓታት ውስጥ ካነጋገራቸው ግማሽ እንደሚቀንሱለት ይነግሩት ነበር። ማስከፈቻዎቹ ሲጫኑ ተጠቃሚው ጸረ ቫይረሱን እንዲያጠፋ መጠየቃቸው ለወንጀለኞቹ ሥራቸውን ያቀልላቸዋል። ፈቃድ ያለው ሶፍትዌር መግዛት ለብዙዎች በሚከብድባቸው፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ አገራት፣ ይህ በር ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው።

ከመግባት እስከ መቆለፍ

ተቋማትን የሚያጠቁ ወንጀለኞች እንደገቡ ወዲያው ፋይል አይቆልፉም። አንድ ተራ ኮምፒውተር መቆለፍ ብዙ ገንዘብ አያስገኝም። በመጀመሪያ በመረቡ ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች ይቃኛሉ፤ የይለፍ ቃሎችን ይለቅማሉ፤ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን እስኪያገኙ ድረስም ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ።

ቀጥለው መጠባበቂያ ቅጂ፣ በተለምዶ ባክአፕ የሚባለው፣ የት እንደተቀመጠ ያጠናሉ። ከመረቡ ጋር የተገናኘ ቅጂ ካገኙ ያጠፉታል ወይም ይመሰጥሩታል። ዊንዶውስ በራሱ የሚይዛቸውን የቀድሞ የፋይል ቅጂዎችም ይደመስሳሉ። ከዚህ ጎን ለጎን ጠቃሚ መስሎ የታያቸውን መረጃ ወደ ራሳቸው ሰርቨር ይገለብጣሉ።

መቆለፉ የሚፈጸመው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ በሳምንት መጨረሻ ወይም በበዓል ዋዜማ ነው። ካሴያ በተሰኘው የሶፍትዌር ኩባንያ ደንበኞች ላይ በጁላይ 2 ቀን 2021 የተፈጸመው ጥቃት አሜሪካውያን የነፃነት በዓላቸውን ለማክበር ወደ የቤታቸው እየሄዱ ባሉበት ዓርብ ላይ የዋለው በአጋጣሚ አልነበረም። ተቆጣጣሪ በሌለበት ሰዓት ሶፍትዌሩ ሥራውን ለመጨረስ በቂ ጊዜ ያገኛል።

በአየርላንዱ ጥቃት ላይ የተካሄደው ገለልተኛ ምርመራ እነዚህ ሳምንታት ምን ያህል ዋጋ እንደነበራቸው ያሳያል። ፋይሉ ከተከፈተ ከ13 ቀናት በኋላ፣ ማርች 31፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ የነበረው ጸረ ቫይረስ ሰርጎ ገቦች የሚጠቀሙባቸውን መሣሪያዎች ለይቶ ነበር። ይሁን እንጂ ጸረ ቫይረሱ የተዘጋጀው እንዲያሳውቅ እንጂ እንዲያግድ አልነበረም። ማሳወቂያውም ተከታይ እርምጃ ሳይወሰድበት ቀረ። አደጋው የደረሰው ከዚያ ከስድስት ሳምንታት በኋላ ነው።

የተደራጀ ገበያ

ዛሬ ራንሰምዌር የሥራ ክፍፍል ያለው ወንጀል ነው። ሶፍትዌሩን የሚጽፉት ሰዎች ጥቃቱን ራሳቸው አይፈጽሙም፤ ለተባባሪዎች ያከራዩታል። ከሚገኘው ቤዛ አብዛኛውን ድርሻ የሚወስደው ጥቃቱን የፈጸመው ተባባሪ ሲሆን፣ አከራዮቹ ቀሪውን ይይዛሉ። ወደ ተቋማት መረብ የሚያስገቡ የይለፍ ቃሎችን ሰርቀው የሚሸጡ ሌሎች ደላሎችም አሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ወንጀለኛ ጥቃት ለመፈጸም የረቀቀ የፕሮግራም ጽሑፍ ዕውቀት አያስፈልገውም።

ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ድርብ ማስገደድ የሚባለው ስልት ተስፋፍቷል። ወንጀለኞቹ ፋይሉን ከመቆለፋቸው በፊት ስለሚገለብጡት፣ ተጠቂው መጠባበቂያ ቅጂ ቢኖረውም እንኳን ካልከፈለ የደንበኞቹን ወይም የታካሚዎቹን ምስጢር ለሕዝብ እንደሚያሰራጩት ይዝታሉ። መጠባበቂያ ቅጂ ሥራን ያስቀጥላል፤ የተሰረቀን መረጃ ግን አይመልስም። ስለሆነም ሰርጎ ገቡ እንዳይገባ መከላከል፣ ከገባም በፍጥነት ማግኘት የሚኖረው ዋጋ ጨምሯል።

አፍሪካም ከዚህ ገበያ ውጪ አይደለችም። በጁላይ 2021 ትራንስኔት የተሰኘው የደቡብ አፍሪካ የወደብና የባቡር ድርጅት በደረሰበት ጥቃት የኮንቴይነር ተርሚናሎቹ ሥራ ተስተጓጉሏል። በማርች 2023 ደግሞ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የውስጥ መረብ በጥቃት ተመትቶ እንደነበር ይታወሳል።

ቤዛ መክፈል መፍትሔ ይሆናል?

ሥራው የቆመበት ተቋም የመክፈል ፈተና ውስጥ መውደቁ የሚጠበቅ ነው። ያለፉት ዓመታት ክስተቶች ግን የክፍያውን ውጤት አጠራጣሪ ያደርጉታል።

ኮሎኒያል ፓይፕላይን 75 ቢትኮይን፣ በወቅቱ ዋጋ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። በወቅቱ እንደተዘገበው ወንጀለኞቹ የሰጡት የመፍቻ ሶፍትዌር እጅግ አዝጋሚ ስለነበር ኩባንያው የራሱን መጠባበቂያ ቅጂዎች ለመጠቀም ተገዷል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከአንድ ወር በኋላ ከተከፈለው ውስጥ 63.7 ቢትኮይን ማስመለስ ቢችልም፣ የቢትኮይን ዋጋ በመውረዱ ግምቱ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር።

በፌብሩዋሪ 2024 የአሜሪካን የጤና መድን ክፍያዎች በሚያስተናግደው ቼንጅ ኸልዝኬር ላይ የደረሰው ጥቃት የበለጠ አስተማሪ ነው። እዚህም ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ሁለተኛ ማረጋገጫ በማይጠይቅ የሩቅ መግቢያ በኩል ሲሆን፣ ፋይሎቹን እስኪቆልፉ ድረስ ዘጠኝ ቀናት በመረቡ ውስጥ ቆይተዋል። ኩባንያው 22 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ብላክካት በሚል ስም የሚታወቀው ቡድን አከራዮች ግን የተባባሪያቸውን ድርሻ ሳይሰጡ ተሰወሩ። መረጃው በተባባሪው እጅ ስለቀረ፣ ሌላ ቡድን ብቅ ብሎ በዚያው መረጃ ዳግመኛ ገንዘብ ጠየቀ። በጥቃቱ የ190 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ለአደጋ መጋለጡ በኋላ ተገልጿል።

በዚያው ወር የብሪታንያ ብሔራዊ የወንጀል መከላከል ኤጀንሲ ከሌሎች አገራት ጋር በመተባበር ሎክቢት የተሰኘውን ቡድን ሰርቨሮች ሲቆጣጠር፣ ቤዛ የከፈሉ ተቋማት መረጃ ጭምር ሳይጠፋ ተከማችቶ አግኝቷል። ወንጀለኞቹ «ከከፈላችሁ እናጠፋዋለን» ያሉት ቃል ፍሬ ቢስ ነበር።

አየርላንድ በበኩሏ ላለመክፈል ወሰነች። ከጥቃቱ ከስድስት ቀናት በኋላ ወንጀለኞቹ መፍቻውን በነፃ ሰጡ። ይህ ሆኖ ሳለ ሰርቨሮቹ ሁሉ ተፈትተው ያለቁት በሴፕቴምበር፣ ከአራት ወራት በኋላ ነበር። እያንዳንዱን ኮምፒውተር ማጽዳት፣ መፍታት፣ መፈተሽና መልሶ ማገናኘት ቁልፉ ከተገኘ በኋላም የሚቀር ሥራ ነው። ክፍያ ከዚህ ድካም አያድንም።

ከጋና የተገኘው ቅጂ

ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለ ጥቃት ከዩክሬን ተነስቶ በሰዓታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። የተሰራጨው በዩክሬን በስፋት በሚሠራበት የግብር ሒሳብ ሶፍትዌር ማዘመኛ በኩል ነበር። ራንሰምዌር መስሎ ቤዛ ቢጠይቅም ዓላማው ማጥፋት በመሆኑ፣ ገንዘብ የከፈለ ሰው ፋይሉን መልሶ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም።

ከተጎጂዎቹ አንዱ የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ ነው። ኩባንያው ሠራተኞቹ ማን እንደሆኑና ምን ለማየት እንደተፈቀደላቸው የሚመዘግቡ፣ በዓለም ዙሪያ የተሰራጩ 150 ያህል ሰርቨሮች ነበሩት። እነዚህ ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው ዘወትር ስለሚገለበጡ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ታምኖ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊጠፉ እንደሚችሉ ግን ማንም አላሰበም፤ የሆነውም ይኸው ነበር።

በመጨረሻ አንድ ብቻ በሕይወት ተገኘ። እርሱም በጋና የሚገኘው ቢሮ ሰርቨር ነው። ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት በአካባቢው መብራት በመጥፋቱ ሰርቨሩ ከመረቡ ተቋርጦ ነበር። መረጃውን በኢንተርኔት ለመላክ ፍጥነቱ ስላልፈቀደ፣ የጋናው ቢሮ ሠራተኛ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ በዚያም ለሌላ ባልደረባው አስረክቦ ዲስኩ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ሜርስክ በዚህ ላይ ተመርኩዞ በአሥር ቀናት ውስጥ 4 ሺህ ሰርቨሮችንና 45 ሺህ ኮምፒውተሮችን እንደ አዲስ እንደጫነ የቦርድ ሰብሳቢው በኋላ ተናግረዋል። የደረሰበትን ኪሣራም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቷል።

በብዙ የአፍሪካ ከተሞች ነዋሪውን የሚያማርረው የመብራት መቆራረጥ፣ ለአንድ ግዙፍ ኩባንያ መዳኛ ሆነ። ከክስተቱ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ከመረቡ ጋር ሁልጊዜ የተገናኘ ቅጂ ከዋናው ጋር አብሮ ይጠፋል። ሜርስክ በዕድል ያገኘውን ሌላው በዕቅድ ሊያደርገው ይገባል።

መከላከያ መንገዶች

መጠባበቂያ ቅጂን በተመለከተ ባለሙያዎች «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚባል ደንብ ይመክራሉ። ማንኛውም አስፈላጊ መረጃ በሦስት ቅጂ ይኑር፤ ቅጂዎቹ በሁለት የተለያዩ ዓይነት ማስቀመጫዎች ላይ ይሁኑ፤ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ከሥራ ቦታው ውጪና ከመረቡ ተነጥሎ ይቀመጥ። ለአንድ ፎቶ ቤት ወይም ለአንድ የሒሳብ ባለሙያ ይህ ማለት ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስኮችን እያፈራረቁ መጠቀም፣ ገልብጠው እንደጨረሱ መንቀልና አንዱን ቤት ማኖር ማለት ነው። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይመሰጠራል። ቅጂው በትክክል መመለስ መቻሉንም አልፎ አልፎ ፋይል መልሶ በመክፈት ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ያልተሞከረ ቅጂ መኖሩ የሚታወቀው በጭንቅ ቀን ነው።

የይለፍ ቃልን በተመለከተ፣ ለኢ-ሜይል፣ ለባንክና ከሩቅ ወደ ሥራ ቦታ ለሚያስገቡ አካውንቶች ሁሉ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት ይገባል። በኮሎኒያል ፓይፕላይንም ሆነ በቼንጅ ኸልዝኬር የጎደለው ይህ ነበር። ለተለያዩ አካውንቶች አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል መጠቀም ከአንዱ የተሰረቀው ሌላውን እንዲከፍት ያደርጋል። ሥራ የለቀቁ ሠራተኞችን አካውንት በዕለቱ መዝጋትም ቸል የሚባል፣ ነገር ግን ብዙ ጥቃት የሚያስቀር እርምጃ ነው።

ሶፍትዌርን ማዘመን ሳይውል ሳያድር መከናወን አለበት። ድጋፍ የተቋረጠባቸው ሥርዓቶች ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝተው መቆየታቸው አደጋ አለው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መጠናቀቁም ልብ ሊባል ይገባል። ፈቃድ ያለውን ሶፍትዌር ለመግዛት አቅም የማይፈቅድ ከሆነ፣ ከክራክ ይልቅ እንደ ሊብረኦፊስ ያሉ በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚሰጡ አማራጮችን መጠቀም የተሻለ ነው።

ከማይታወቅ ላኪ የመጣ አባሪ ፋይልን አለመክፈት የተለመደ ምክር ቢሆንም በቂ አይደለም። ወንጀለኞች የሚታወቅ ሰውን ኢ-ሜይል ሰርቀው ሊጽፉ ይችላሉ። በመሆኑም ያልተጠበቀ ደረሰኝ ወይም የክፍያ ጥያቄ ሲደርስ ወደ ላኪው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ይመከራል። የወርድ ወይም የኤክሴል ሰነድ ተከፍቶ «ይዘቱን ለማየት ይህን ይፍቀዱ» የሚል ጥያቄ ካቀረበ፣ አለመፍቀድ ነው።

ተቋማት ደግሞ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ የመግባት ሥልጣን መስጠት የለባቸውም። የሒሳብ፣ የሕክምና እና የእንግዶች መረቦችን መለያየት እሳት በአንድ ክፍል ብቻ እንዲቀር ከማድረግ ጋር ይመሳሰላል። ጸረ ቫይረስ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ በየቀኑ የሚመለከትና እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን ያለው ሰው በስም ተለይቶ መመደብም ይኖርበታል። አንድ ሠራተኛ አጠራጣሪ ፋይል ከፍቶ ከሆነ ሳይፈራ ወዲያው እንዲናገር የሚያበረታታ አሠራር መኖሩ ከማንኛውም መሣሪያ ያልተናነሰ ጥቅም አለው፤ ቅጣት ፈርቶ ዝም ያለ ሠራተኛ ለወንጀለኞቹ ሳምንታትን ይሰጣቸዋል።

ጥቃት ከደረሰ ምን መደረግ አለበት?

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው። ፋይሎች በድንገት አልከፈት ሲሉ፣ የስማቸው መጨረሻ ሲለወጥ ወይም የቤዛ መልዕክት ሲታይ የሚከተሉት እርምጃዎች በቅደም ተከተል እንዲወሰዱ ይመከራል።

• ኮምፒውተሩን ከመረብ ማላቀቅ፦ የኔትወርክ ገመዱን መንቀል፣ ዋይፋዩን ማጥፋት፣ የተሰኩ ፍላሽና ሃርድ ዲስኮችንም ማውጣት።

• ኮምፒውተሩን ለማጥፋት አለመቸኮል፦ ለምርመራ የሚጠቅም መረጃ በማስታወሻው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከመረብ ማላቀቅ ካልተቻለ ግን ማጥፋቱ ስርጭቱን ይገታል።

• የቤዛ መልዕክቱን በስልክ ፎቶ ማንሳት፦ የራንሰምዌሩን ዓይነት ለመለየት ያገለግላል።

• ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ፦ በኢትዮጵያ የሳይበር ጥቃቶችን የሚከታተለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሲሆን፣ ሕገ ወጥ ሰርጎ መግባትና መረጃን ማበላሸት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጡ ወንጀሎች ናቸው። በውጭ አገር የሚኖሩ ደግሞ ለሚኖሩበት አገር ፖሊስ ማመልከት ይችላሉ።

• የይለፍ ቃሎችን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ መለወጥ፦ ከኢ-ሜይልና ከባንክ አካውንቶች መጀመር ይገባል።

• ነፃ መፍቻ መኖሩን መፈለግ፦ የአውሮፓ ኅብረት ፖሊስ ዩሮፖልና የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከጸጥታ ኩባንያዎች ጋር በ2016 የመሠረቱት «ኖ ሞር ራንሰም» የተሰኘው ድረ ገጽ ለበርካታ የራንሰምዌር ዓይነቶች ያለ ክፍያ መፍቻ ያቀርባል።

• የተመሰጠሩትን ፋይሎች አለመጣል፦ ዛሬ መፍቻ ባይኖር እንኳን ወደፊት ቁልፎቹ ሊገኙ ይችላሉ። በ2019 ለ148 የስቶፕ ዝርያዎች ነፃ መፍቻ ሲወጣ ፋይላቸውን ያቆዩ ብዙዎች ተጠቅመዋል።

• መጠባበቂያ ቅጂውን ከመሰካት በፊት ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጽድቶ እንደ አዲስ መጫን፦ ያልጸዳ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ቅጂ በዚያው ሊጠፋ ይችላል።

ፋይል እናስመልሳለን በሚል በኢንተርኔት የሚያስተዋውቁ ግለሰቦችም ጥንቃቄ ይሻሉ። አንዳንዶቹ በስውር ከወንጀለኞቹ ጋር ተደራድረው ቤዛውን ይከፍላሉ፤ ከዚያም ለደንበኛው ከፍ ያለ ዋጋ ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብለው ይጠፋሉ።

ከጥቃቱ በፊት ያለው ጊዜ

በዋናክራይ 59 ቀናት፣ በአየርላንድ ስምንት ሳምንታት፣ በቼንጅ ኸልዝኬር ዘጠኝ ቀናት ነበሩ። በእነዚህ ጊዜያት ውስጥ ጥቃቱን ሊያስቀሩ ይችሉ የነበሩት እርምጃዎች ውድ ወይም የረቀቁ አልነበሩም፤ አንድ ማዘመኛ መጫን፣ ለአንድ ማስጠንቀቂያ ምላሽ መስጠት፣ በአንድ መግቢያ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጨመር በቂ ነበር። የቤዛው መልዕክት ስክሪኑ ላይ ከታየ በኋላ ግን የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከመረቡ ተነቅሎ በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ቅጂ አለ ወይስ የለም?